«ሰርቫይን»ን በአማርኛ ምን እንበለው? አጋዘን፣ ዋላ ወይስ ሚዳቋ?

ጦሳ ሥር | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

እንዴት አመሻችሁ ወገኖቼ። ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዛሬ አንድ ቃል ክፍል ውስጥ ያዘኝ። እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ምንባቡ ስለ አንዲት ተወዛዋዥ ነው። አረማመዷን «ሰርቫይን» ይለዋል። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና ትርጉሙን ጠየቀችኝ። «የአጋዘን ዓይነት፣ አጋዘን የሚመስል» አልኳት። ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላትም የሚለው ይህንኑ ነው።

ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። ከምንባቡ አጠገብ ሥዕል አለ። የእንስሳው ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ ነው። ከቦርሳዋ ዓሥር ሳንቲም አወጣች። «ቲቸር፣ አጋዘን ይሄ አይደል? የዚህ ቀንድ ቅርንጫፍ የለውም። ጠምዘዝ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። እንዴት አንድ እንስሳ ይሆናሉ?»

ሳንቲሟን ተቀብዬ መስኮቱ ጋ ሄጄ አየኋት። ልክ ናት። «ነገ መልሱን ይዤ እመጣለሁ» አልኳት።

የቃሉን ምንጭ አውቀዋለሁ፤ ላቲን ነው። «ኬርዉስ» ያ ባለ ቅርንጫፍ ቀንዱ እንስሳ ነው፤ እንግሊዞቹ «ዲር» የሚሉት። «ኬርዊኑስ» የእርሱ የሆነ፣ እርሱን የሚመስል ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ሰርቫይን»ን ያወጣው ከዚህ ነው። የቸገረኝ አማርኛው ነው። ያንን እንስሳ ምን ብለን ነው የምንጠራው?

ላኮመልዛ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31

ቲቸር፣ ላቲኑ ላይ ትንሽ ተጠራጠርኩ። «ሰርቩስ» አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት አይደለም እንዴ? የሠራተኛ ማመላለሻውን «ሰርቪስ» የምንለውም ከዚያ የመጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ጦሳ ሥር | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ወንድሜ፣ ሁለት ቃላት ናቸው። አገልጋዩ በ«ኤስ» ይጻፋል፤ «ሰርቪስ» የመጣው ከእሱ ነው። እንስሳው በ«ሲ» ይጻፋል። የጥንት ሮማውያን «ሲ»ን እንደ «ከ» ነበር የሚያነቡት። ስለዚህ አንዱ «ሴርዉስ»፣ ሌላው «ኬርዉስ» ነበር። ለእነሱ አይምታታም። በእንግሊዝኛ አነባበብ ነው ድምፁ የተቀራረበው።

ነጭ ጋውን | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡58

እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ። «ሰርቫይን» ስትሉ ጆሮዬ ቶሎ የሰማው «ሰርቫይካል»ን ነው። እኛ ጋ በየቀኑ ነው የምንለው፤ የአንገት አጥንትም፣ የማህፀን በርም ሲነሳ። ዝምድና አላቸው?

ሥርወ ቃል | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

እህቴ፣ አያምታታሽ። «ሰርቫይካል» የመጣው «ኬርዊክስ» ከሚለው ነው፤ አንገት ማለት ነው። የማህፀን በርም የማህፀኑ «አንገት» ስለሆነ ነው በዚያ የተጠራው። «ሰርቫይን» ከ«ኬርዉስ» ነው። ተማሪ እነዚህን ሁለቱን ቢያምታታ አይፈረድበትም። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የመጀመሪያዎቹ አምስት ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው።

ቲቸር፣ ይህ ጥያቄ ደስ አሰኝቶኛል። ወጣት ሳለሁ ላቲን ተምሬያለሁ። ወሎ ውስጥ የማወራበት ሰው ብዙም አላገኘሁም። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ላስረዝም ፍቀዱልኝ።

መጀመሪያ መድረሻው ቅጥያ። ላቲን የእንስሳ ስም ላይ «ኢኑስ» እየጨመረ ቅጽል ያወጣል። «ካኒስ» ውሻ፣ «ካኒኑስ» የውሻ። «ኤኩስ» ፈረስ፣ «ኤኩዊኑስ» የፈረስ። «አሲኑስ» አህያ፣ «አሲኒኑስ» የአህያ። እንግሊዝኛው እነዚህን ወስዶ መጨረሻቸውን «አይን» አደረገው። ኬናይን፣ ኢክዋይን፣ አሲናይን፣ ሰርቫይን። ልጆቹ ይህችን መንገድ አንዴ ከያዟት ብዙ ቃል በራሳቸው ይፈታሉ።

እኛ ለዚህ ሥራ ቅጽል አንፈልግም። «የ» ይበቃናል። የበሬ ቀንድ፣ የውሻ ጩኸት፣ የፈረስ ጋማ። ከግዕዝ የወረስነው «ኣዊ» አለ፤ ሰማያዊ፣ ምድራዊ እንላለን። «አጋዘናዊ» ወይም «ዋላዊ» ብንል ግን ጆሮ አይቀበለውም። ስለዚህ ቲቸር፣ ቅጽል አትፍጠር። «የ...» ወይም «...መሰል» በል።

ሁለተኛ የቃሉ ሥር። «ኬርዉስ» በሥሩ ባለቀንዱ ማለት ነው። ላቲን፣ ግሪክና እንግሊዝኛ የወጡበት ጥንታዊው የህንድ-አውሮፓ ሥር ቀንድንና ራስን የሚመለከት ነው። ከዚያው ሥር ላቲን «ኮርኑ» አለ፤ ቀንድ ነው። ግሪክ «ኬራስ» አለ፤ እሱም ቀንድ ነው። አውራሪስን «ራይኖሴሮስ» የሚሉት በዚህ ነው፤ አፍንጫው ላይ ቀንድ ያለው። በላቲን «ከ» ሆኖ የቀረው ድምፅ በእንግሊዝኛው ወገን «ኸ» ሆነ። «ኮርኑ» ካለ «ሆርን»፣ «ኬርዉስ» ካለ «ሃርት» አለ። «ሃርት» የወንዱ ድሮ ስም ነው። እናም «ሰርቫይን»ና «ሃርት» የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አንዱ በሮም በኩል መጣ፣ ሌላው ቤት ውስጥ ቀረ።

ኳስ የምትወዱ ደግሞ ይህን ያዙልኝ። «ኮርነር» ከ«ኮርኑ» ነው። የሜዳው ቀንድ፣ ጫፉ።

ላኮመልዛ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡29

ኮርኑ? ግዕዙ «ቀርን»፣ ትግርኛው «ቀርኒ»፣ ዐረብኛው «ቀርን»። የኛ «ቀንድ»ም ከዚያው ነው። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ ነው?

ሥርወ ቃል | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡41

እንዳትነሣው ብዬ ነበር ያለፍኩት! ይህ ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ነው። የሴም ቋንቋዎችና የህንድ-አውሮፓ ቋንቋዎች የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው። ቀንድ ላይ ግን ድምፃቸው ይገናኛል። በጥንት ዘመን አንዱ ከሌላው ተዋሰ የሚሉ አሉ። አጋጣሚ ነው የሚሉም አሉ። ክፍል ውስጥ «ይመሳሰላሉ» ብሎ ማሳየት ይቻላል። «ከኛ ወሰዱ» ብሎ መደምደም ግን አይገባም።

ዳዊት ደጋሚ ከሐይቅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ማታ አላየሁትም፣ ጠዋት ነው ያገኘሁት።

መምህር፣ መልሱ እኮ በየቤታችን አለ። ዳዊት ላይ «ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ» የሚለውን የማያውቅ የለም። በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠው ራሱ «ኬርዉስ» ነው። በግሪኩ «ኤላፎስ» ነው። በግዕዙ «ኀየል» ነው። በአማርኛው ዋላ ሆነ። ተርጓሚዎቹ ለዚህ እንስሳ ስም ሰጥተውታል። ለምን ሌላ እንፈልጋለን?

እኔ ልጅ ሆኜ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ስደግም፣ ዋላ የሚባለው ከማዶው ተራራ ወርዶ ውኃ የሚጠጣ ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ እጠብቀው ነበር። የሚመጡት ግን ላሞች ነበሩ።

ከሸዋ በር | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

አቦ ቲቸር፣ ለፈተና የማይመጣ ቃል ነው። አጋዘን ብለህ እለፈው። ልጆቹም ይገባቸዋል። ሁሉም መዝገበ ቃላት አጋዘን ነው የሚለው።

ጦሳ ሥር | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

ወንድሜ፣ ትላንት ልክ እንደዚህ ብዬ ነበር ያለፍኩት። ያች ልጅ ናት የያዘችኝ። ሥዕሉንና ሳንቲሙን ጎን ለጎን አድርጋ «አይመሳሰሉም» አለች። እኔ «ዝም ብለሽ ጻፊ» ብላት ሁለተኛ አትጠይቅም። ለዚያ ነው ያልተውኩት።

ደግሞ ዳዊት ደጋሚ የጻፍከውን ሳነብ ልቤ ተነካ። ዋላ የሚለውን በእጄ ይዤዋለሁ።

መካነ ሰላም | ረቡዕ፣ ቀን 6፡15

ከወሎው ቦረና ነው የምጽፈው። እንስሳቱን በዓይኔ ስለማያቸው የማውቀውን ላካፍል።

እኛ አገር ያ እንስሳ የለም። ጠፍቶ አይደለም፤ በተፈጥሮው ከሰሃራ በስተ ደቡብ የለም። በአፍሪካ በተፈጥሮው የሚገኘው አልጄሪያና ቱኒዚያ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ያሉት ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ሰስ፣ አጋዘን፣ ቆርኬ፣ ሳላ ናቸው። ሁሉም በሥጋ ዝምድና ወደ በሬና ፍየል ነው የሚጠጉት። ዋልያም ፍየል ነው። ሳንቲሙ ላይ ያለው የደጋ አጋዘን ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ የሚበዛውም ባሌና አርሲ ነው።

ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥ ድኩላ አለ። የምኒልክ ድኩላ ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ላይም «ሜኔሊኪ» የሚል አለበት። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጫካው ጥግ ላይ ወንዱን አገኘሁት። ጉም ነበር። ጥቁር ነው፣ ጸጉሩ ረዘም ያለ። ጤዛው ጀርባው ላይ አርፎ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ጉቶ መሰለኝ። ከዚያ ጆሮው ተንቀሳቀሰ። ሴቷ ከኋላው ነበረች፤ ቀላ ያለች፣ ቀንድ የሌላት። እኔ እግሬን ሳነሳ አንዴ እንደ ውሻ ጮኸ። እውነት ነው የምላችሁ፣ «ው» ብሎ እንደ ውሻ። ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና ሁለቱም የሉም።

ሰርቫይን የሚባል ነገር እዚህ አገር ካለ፣ እኔ ያየሁት ያ ነው። በዘር ግን አይደለም።

ሥርወ ቃል | ረቡዕ፣ ቀን 7፡40

መካነ ሰላም፣ ሳታውቀው ትልቅ በር ከፈትክ!

ድኩላና የደጋ አጋዘን በሳይንስ «ትራጌላፉስ» ነው የሚባሉት። ግሪክ ነው። «ትራጎስ» ወጠጤ፣ «ኤላፎስ» ደግሞ ዳዊት ደጋሚ ጠዋት የጠቀሰው ያ ዋላ። ወጠጤ-ዋላ ማለት ነው! ይህ ስም በጥንት ግሪኮች ዘንድ የተረት እንስሳ ነበር፤ ግማሹ ፍየል፣ ግማሹ ዋላ። አርስቶትል ስም ኖሮት በዓለም ላይ ለሌለ ነገር ምሳሌ ያደረገው ይህንኑ ነው። የኋላ ዘመን የእንስሳት ሊቃውንት ስሙን አንሥተው ለአፍሪካ እንስሳት ሰጡት። አርስቶትል የለም ያለው ስም ዛሬ ቦረና ጫካ ውስጥ ጤዛ ለብሶ ይቆማል።

አጋዘን ብሎ የተረጎመውም ሰው እንግዲህ ያለ ምክንያት አልተሳሳተም። አውሮፓውያኑም ራሳቸው ሲያዩት «ዋላ ይመስላል» ብለው ነው የሰየሙት።

አንድ ልጨምር። አነርን በእንግሊዝኛ «ሰርቫል» ይሉታል። ስሙ የመጣው ከፖርቱጋልኛ «ሰርቫል» ነው፤ እሱም ከዚሁ ከ«ኬርዉስ»። የላቲን ሰዎች አንድን የዱር ድመት ዋላ ስለሚያድን «የዋላ ተኩላ» ይሉት ነበር። ስሙ ሲዞር ሲዞር የአፍሪካ አነር ላይ አረፈ። ዋላ በሌለበት አገር የዋላን ስም ተሸክሞ የሚሄድ አነር አለ ማለት ነው።

የዋንጫ ሠሪ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

ሁላችሁንም ሳነብ ዋልኩ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ግን ቀንድ አውቃለሁ። አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ዋንጫ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ቀንዱ ላይ ልናገር።

የበሬ ቀንድ ሁለት ነገር ነው። ውጪው ሽፋን ነው፤ ውስጡ አጥንት ነው። አባቴ ቀንዱን በትልቅ ድስት ይቀቅለዋል። ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ ልክ ጸጉር ሲቃጠል እንደሚሸተው። እናቴ በር ትከፍትና «ኧረ ውጪ አድርጉልኝ!» ትላለች። ከዚያ ገና እንደሞቀ በጨርቅ ይዞ ያወዛውዘዋል። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። «ጧ» ብሎ ይላቀቃል። አጥንቱ በአንድ እጁ፣ ባዶው ቀንድ በሌላ እጁ ይቀራል። እኔ ልጅ ሆኜ ያቺን «ጧ» ለመስማት ነበር የምቆመው። ከዚያ በቢላ ይፋቃል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይለሰልሳል፣ ቅባት ይቀባል። ጫፉ በተፈጥሮው ድፍን ስለሆነ አያፈስም። ዋንጫ ሆነ።

አሁን ጥያቄዬ። ያ ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ ይላቀቃል? ዋንጫ ይወጣዋል?

መካነ ሰላም | ረቡዕ፣ ማታ 1፡45

አይወጣውም ወንድሜ። የጠየቅከው ራሱ ነው ልዩነቱ!

ያኛው ሽፋን የለውም። ከላይ እስከ ታች አጥንት ነው። ሲያድግ ላዩ ላይ ለስላሳ ቆዳ አለው፤ የደም ሥር ያለበት፣ ፀጉራም። ቀንዱ አድጎ ሲጨርስ ቆዳው ይደርቅና ከዛፍ ጋር እየታከከ ይልጠዋል። ከዚያ በየዓመቱ ሙሉው ቀንድ ይወድቃል። እንደገና ይበቅላል። የኛ ድኩላም ሆነ በሬ ቀንዱ አንዴ ከተሰበረ ተሰበረ ነው። ደግሞ እዚያ ቀንድ የሚያወጡት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቷ የምታወጣው በረዶ አገር ያለችው፣ መንሸራተቻ ጋሪ የምትጎትተዋ ብቻ ናት።

ነጭ ጋውን | ረቡዕ፣ ማታ 2፡02

ጸጉር ሲቃጠል እንደሚሸተው ያልከው ልክ ነው። የቀንድ ሽፋን፣ ጥፍርና ጸጉር የተሠሩት ከአንድ ነገር ነው፤ ኬራቲን ይባላል። ቆይ... ሥርወ ቃል፣ ኬራቲን ከዚያ ከ«ኬራስ» ነው እንዴ?

ሥርወ ቃል | ረቡዕ፣ ማታ 2፡06

ከእሱው ነው እህቴ። የዓይን ብሌን ፊት ያለውን «ኮርኒያ» የምትሉትም ከ«ኮርኑ» ነው። ቀንድ መሰሉ ሽፋን ማለታቸው ነው። በየቀኑ የምትጠሪው ቀንድ ነው።

ከሸዋ በር | ረቡዕ፣ ማታ 2፡20

ጠዋት «እለፈው» ያልኩትን መልሼ አነበብኩት። ይቅርታ ቲቸር። የዋንጫውን ሳነብ ነው የገባኝ። ሥዕል ላይ ሁለቱም ቀንድ ነው። እጅ ላይ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። እንግሊዞቹ ራሳቸው «ዲር» የሚሉት ይህን ብቻ ነው?

ሥርወ ቃል | ረቡዕ፣ ማታ 2፡38

ጥሩ ጠየቅክ። ዛሬ አዎ። ድሮ ግን «ዲር» ማንኛውም አውሬ ነበር። ጀርመኖች ዛሬም «ቲር» ሲሉ እንስሳ ሁሉ ነው። አዳኞች አብዝተው የሚያድኑት ያንን ስለነበረ ስሙ እየጠበበ እሱ ላይ ቀረ። «ቬኒሰን» የሚሉት ሥጋም ከላቲን ማደን ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በፊት የታደነ ሁሉ ሥጋ ነበር፤ አሁን የዋላ ሥጋ ብቻ ሆነ።

የእኛም ቃል ተንቀሳቅሷል። በግዕዝ «አርዌ» አውሬ ነው፤ እባብም ነው። ዕብራይስጡ ተመሳሳዩን አንበሳ ላይ አዋለው። ሁሉም አገር ዓይኑ ያረፈበትን ነው የሚጠራው።

እቴ ከወረኢሉ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡10

ሁላችሁም ስለ ቀንድ አወራችሁ። ምንባቡ ግን ስለ ቀንድ አይደለም! ስለ አንዲት ሴት አረማመድ ነው። ተወዛዋዥ ናት አላችሁ። ቀንድ የላት።

እኔ ብተረጉመው ሚዳቋ ነው የምለው። ቀጭን እግር፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ ኮሽ ሲል ጆሮ የሚቆም። እናቴ እኔን ስታይ «እንደ ሚዳቋ ብድግ ትላለች» ነው የምትለው። ዋላ ብትላት አታውቀውም። አጋዘን ብትላት ግዙፍ ነገር ነው የሚታያት። ተወዛዋዥዋን «አረማመዷ የሚዳቋ» ብላችሁ ጻፉ፤ የወሎ ልጅ ሁሉ ይታየዋል።

ዳዊት ደጋሚ ከሐይቅ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡22

እህታችን ልክ ናት። ዋላ ለመጽሐፉ፣ ሚዳቋ ለተወዛዋዥዋ። እኔ በዚህ ተስማምቻለሁ።

ጦሳ ሥር | ሐሙስ፣ ማታ 1፡50

ዛሬ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ጻፍኩ። የእንስሳው ስም ሲሆን «ዋላ»፤ እዚህ አገር እንደሌለ በጎኑ ተጽፎ። የሳይንስ ጽሑፍ ሲሆን «የዋላ ወገን»። የሰው አረማመድ፣ ዓይን፣ አንገት ሲሆን «የሚዳቋ»። ከሥር ደግሞ ኬርዉስ፣ ኮርኑ፣ ኬራስ ብዬ ደረደርኩና ከ«ቀርን» አጠገብ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ።

ልጅቷን ወደ ፊት ጠራኋት። ዓሥር ሳንቲሟን ይዛ ነበር የመጣችው። የዋንጫ ሠሪውን ልጅ ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችልን። «ጧ» የሚለው ላይ ስትደርስ ክፍሉ በሙሉ ጠረጴዛ መታ። ከዚያ ዞር ብላ «ታዲያ የዓለም ዋንጫም ከቀንድ ነው?» አለችኝ። ስሙ አዎ፣ ከዚያ ነው የመጣው አልኳት። ሌላዋ ደግሞ «ያ በየዓመቱ የሚወድቀውን ቀንድ ማን ይለቅመዋል?» አለች። ይህን ለእናንተ ይዤ መጥቻለሁ።

የዋንጫ ሠሪ ልጅ፣ አንድ ልለምንህ። ከአባትህ የቀረ ቀንድ ካለህ፣ ከነአጥንቱ፣ ልጆቹ በእጃቸው እንዲይዙት እፈልጋለሁ።

የዋንጫ ሠሪ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡15

አለ ቲቸር። አባቴ ጀምሮት ያልጨረሰው አንድ አለ። ቆጥ ላይ ነው፣ አልተቀቀለም። ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ። ፒያሳ እንገናኝ። ድስትና ከሰል ብቻ አዘጋጅ፤ ልጆቹ ፊት እኔ ራሴ አላቅቀዋለሁ ኢንሻአላህ።